ለአደባባያችን ደንብ አስከባሪ የጠየቅሁባት ማመልከቻ

ማመልከቻ እንደ እኔ የሚጽፍ ሰው በዚህ ደጋ አገር አለ ቢሉኝ አላምንም። በትዕቢት አይደለም፤ የማውቀውን ነው የምናገረው። ደብረ ታቦር ስንት ጠበቃ፣ ስንት የኮምፒውተር ቤት እያላት፣ ከዚያ በሚኒባስ ተሳፍረው «ወይራው ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌ የት አሉ?» እያሉ እኔን ፍለጋ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። የመሬት ክርክር፣ የጡረታ መብት፣ የጠፋ ፋይል፣ የባልና ሚስት ጠብ፤ ያልጻፍሁት ጉዳይ የለም። አንድ ዳኛ አቤቱታዬን አንብበው ሲጨርሱ «ይህን የጻፈው ሰው የት ነው የተማረው?» ብለው መጠየቃቸውን ባለጉዳዩ ራሱ መጥቶ ነግሮኛል። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ቄስ ፊት ተቀምጬም ፊደል አልቆጠርሁም። ፊደል ያገኘሁት ቅመም ከሚጠቀለልበት አሮጌ ወረቀት ላይ ነው። ራሴን በራሴ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ይህን ስናገር ደረቴ እንደሚነፋ አውቃለሁ፤ ይነፋ።

ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ማመልከቻዎቼ ሁሉ አይደለም። ስለ አንዷ ነው። ከጻፍኋቸው ሁሉ ስለምትበልጠው፣ ሰው ስላጨበጨበላት፣ እህቴንም ስላሳጣችኝ ማመልከቻ።

ከተማችን ከደብረ ታቦር ወጣ ያለች፣ ከሰዓት በኋላ የጉና ነፋስ ሳያንኳኳ የሚገባባት ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን አልጠራም። በዚህ ነገር የሚወቀስ ቢኖር እኔ ነኝ፤ እሷን ምን አስጠራት። መካከሏ ላይ አደባባይ አለ። በአንድ ወገኑ ሚኒባስ ይቆማል፤ በሌላው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ ይነሣል፤ በሦስተኛው የከተማው ምክር ቤት አለ። መሐል ላይ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ወይራ ቆሟል። እኔ ጠረጴዛዬንና ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ምክር ቤቱ ፊቴን አዙሬ እቀመጥ ነበር። ከግንዱ ማዶ፣ ጀርባዋን ለጀርባዬ ሰጥታ፣ እህቴ ትቀመጣለች።

እህቴ ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጡት የጣልሁ ነበርሁ፤ እሷ ለመዳር የደረሰች። ከገጠር ወደዚች ከተማ አዝላ ያመጣችኝ፣ ወይራው ሥር ጆንያ ዘርግታ ጉሊት የጀመረች፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች። ሌሎች ሦስት ሴቶች ከጎኗ ጎመንና ድንች ይዘው ይቀመጣሉ። የእኔ ፀጉር የሸበተው ከግንዱ ወዲህ ነው፤ የእሷ ከግንዱ ወዲያ። ሳንተያይ ቀኑን ሙሉ እናወራ ነበር።

«ጸሐፊው!» ትለኛለች ከማዶ። ፊደል ከለየሁ ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «ዛሬ ስንት ሰው ከሰስህ?»

«ሦስት። አንቺስ ስንት ሰው አስነጠስሽ?»

«እኔ ያስነጠስሁትን በሽንኩርቴ አድነዋለሁ። አንተ የከሰስኸውን ማን ያድነዋል?»

ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፤ ግን ብዕሬን ሳላነሣ። ባለጉዳይ ፊቴ ተቀምጦ አልስቅም፤ የሙያው ወግ ነው።

በእኛ አገር አንድ ነገር ነበር። ሰው መንገድ ላይ ቢጣላ፣ አንዱ በሌላው ላይ ዱላ ቢያነሣ፣ «በሕግ አምላክ!» ይባላል። ይህን የሰማ ሰው ይቆማል። የተነሣው ዱላ እንደተነሣ ይቀራል። ከዚያ ሁለቱ ተስማምተው በዚያ የሚያልፈውን ወይም እዚያ የተቀመጠውን አንድ ሰው ዳኛ ያደርጉታል። ያ ሰው ያዳምጣል፣ ይፈርዳል። አምኖ የመረጠውን ዳኛ ፍርድ አልቀበልም ያለ ሰው ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት ቀና ብሎ አይሄድም። በአደባባያችን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ዳኛ እኔ ነበርሁ። ለምን ቢባል፣ አላዳላም። የሚስቴ ወንድም በአንድ በግ ተጣልቶ እኔ ፊት ቢቀርብ የፈረድሁት ለባላጋራው ነው። ሚስቴ ሳምንቱን ሙሉ ጨው የሌለው ሽሮ አበላችኝ። በላሁት። ፍርዱን ግን አላነሣሁም።

ይህ ወግ ባጃጅ እስኪመጣ ድረስ ሠራ። ባጃጅ ሲበዛ አደባባዩ ሌላ ሆነ። ሙዚቃውን ከፍቶ ወይራውን የሚዞር ጎረምሳ «በሕግ አምላክ» ቢሉት አይሰማም፤ ቢሰማም አይቆምም። በገበያ ቀን ኪስ አውላቂው በዛ። ከዛፉ በስተጀርባ ካርታ የሚጫወቱ፣ ከአረቄ ቤት ወጥተው ግንዱ ላይ የሚሸኑ፣ የዶሮ ላባና የሽንኩርት ልጣጭ አምጥተው የሚደፉ መጡ። እኔ ለአንዱ ተነሥቼ ስናገር ሌላው ከኋላዬ ይደፋል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ባጃጅ ከትምህርት ቤት የምትመለስ ልጅ እግር ላይ ወጣ። እህቴ ከጆንያዋ ተነሥታ ከመንገዱ መሐል ቆመች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ «በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ ቁም!» አለች። በአጠገቧ አልፎ ሄደ። ነጠላዋን ነፋሱ ከትከሻዋ ላይ አወረደው። የልጅቱን እግር በዚያው ነጠላ አስረን ወደ ጤና ጣቢያ ሰደድናት። እህቴ ተመልሳ ጆንያዋ ላይ ተቀመጠች። ወደ ማታ ከግንዱ ማዶ ድምፅዋ መጣ።

«ጸሐፊው።»

«አቤት እትዬ።»

«ሰው በሕግ አምላክ ተብሎ ካልቆመ፣ የሚያቆመው ሰው ያስቀጥሩልን። ጻፍ።»

ስለዚህ ማመልከቻዋን ያስጻፈችኝ እሷ ናት ማለት ይቻላል። ጥበቧ ግን የእኔ ነበር።

ሦስት ቀን ጻፍኋት። ለምክር ቤቱ ነው፤ ከከተማው ነዋሪዎች ነው። አደባባዩን ቀን በቀን የሚጠብቁ አራት ደንብ አስከባሪዎች እንዲቀጠሩ የሚጠይቅ ነው። አራተኛው ነጥብ ላይ ስደርስ እንዲህ አልሁ፤ «በወይራው ዛፍ ዙሪያ የሚገኝ ማናቸውም ተሽከርካሪና ማናቸውም ቆሻሻ እንዲነሣ።» አነበብሁት፤ ያነክሳል። በእኔ ሙያ ዐረፍተ ነገር በሁለት እግር አይቆምም፣ ሦስት ይፈልጋል። ካርታ ተጫዋቾቹን አስቤ «ማናቸውም ተቀማጭ» የሚል ጨመርሁ። አሁንም መዝጊያው ደካማ መሰለኝና «ያለ አንዳች ልዩነት» አልሁበት። ያን ጊዜ ቆመ። «ማናቸውም ተሽከርካሪ፣ ማናቸውም ቆሻሻና ማናቸውም ተቀማጭ ያለ አንዳች ልዩነት እንዲነሣ።» ጮክ ብዬ ደግሜ አነበብሁት።

ወይራው ሥር ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ አነበብሁት። እህቴ አገጯን በእጇ ይዛ ሰማች።

«ያች 'ያለ አንዳች ልዩነት' ያልኻት» አለች፣ «ደስ ትላለች። እንደ ቅዳሴ ናት።»

ማንበብ ስለማትችል አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። የመጀመሪያዋ ፈራሚ እሷ ናት። ሦስቱ ሴቶችም ተከትለዋት ፈረሙ።

ምክር ቤቱ ማመልከቻዋን እንዳነብ ጠራኝ። ኮቴን አስተኩሼ ገባሁ። ያን ቀን ክርክር ነበር። አንድ የገበሬ ተወካይ ተነሥተው «ለአንድ ዛፍ አራት ዘበኛ? ዛፉ የት ሊሄድ ነው?» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ። ሌላው ተወካይ ደግሞ፣ የከተማው ሰው ራሱ አደባባዩን ይጠብቅ፣ ለጠባቂ የሚወጣው ለመንገድ ይዋል አለ። እኔ ተነሥቼ የልጅቱን እግር ነገርኋቸው። ራሱ ይጠብቅ የተባለው ሰው እንዴት እጁን ዘርግቶ ቆሞ እንደታለፈ ነገርኋቸው። ከዚያ አንዲት መምህርት የምክር ቤቱ አባል እጇን አወጣች።

«ደንብ አስከባሪ መቀጠሩን እደግፋለሁ» አለች። «ነገር ግን አራተኛው ነጥብ ያሳስበኛል። ዛፉ ሥር የሚቀመጡት እናቶችስ? እነሱ የት እንደሚሆኑ ይጻፍበት።»

አስተካክላ ነበር የተናገረችው። አሁን ነው የማውቀው። ያን ጊዜ የታየኝ አንዲት ሴት በዐረፍተ ነገሬ መካከል ሽብልቅ ልትከትት መሆኑ ብቻ ነው።

«ክብርት አባል» አልኋት፣ «እዚያ ከሚቀመጡት አንዷ የእናቴ ልጅ ናት። እኔ ግን ለእህቴ ብዬ ቃል አልጨምርም። ልዩነት የገባበት ነገር ደንብ አይባልም፤ ዝምድና ነው የሚባለው።»

አጨበጨቡልኝ። መምህርቷ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። አራቱም ነጥቦች ሳይነኩ አለፉ። ከአዳራሹ ስወጣ አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ እጄን ጨብጦ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ዛፍ ሥር መቀመጥ እንደማይገባው፣ በምክር ቤቱ በረንዳ ላይ ጥግ እንደተሰጠኝ ነገረኝ። ጣራ ያለው ቦታ ነው። በማግስቱ ጠረጴዛዬን አዛወርሁ። እህቴ ጃንጥላዬን አጥፋ ተሸክማ አደረሰችልኝ።

«ከእንግዲህ ሰላም ልልህም ጉዳይ ሊያስፈልገኝ ነው» አለችና ሳቀች።

ደንብ አስከባሪዎቹ አራት ነበሩ፤ ወጣቶች፣ ሰማያዊ ልብስና ቆብ ያላቸው። እውነቱን ልናገር፤ ሥራቸው ጥሩ ነበር። ባጃጁ በአንድ መስመር ተሰለፈ። ካርታው ጠፋ። ግንዱ ሽታው ለቀቀው። እግሯ የዳነው ልጅ በበረንዳዬ ፊት ስታልፍ ከደንብ አስከባሪዎቹ አንዱ እጁን አውጥቶ መኪና ሲያስቆምላት ሳይ፣ ይህ የእኔ ብዕር ሥራ ነው እል ነበር። እህቴም ወዳቸዋለች። ጉንፋን የያዘውን ነጭ ሽንኩርት ታስበላዋለች። እነሱም «እማማ» እያሉ ይጫወቷታል። የጉሊት ሴቶችን ማንም አልነካም፤ ማንም አላሰባቸውም።

ያሰቧቸው የባጃጅ ነጂዎች ናቸው። ከዛፉ ጥላ የተባረሩት እነሱ ስለሆኑ አንድ ቀን ተሰብስበው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገቡ። «እኛ ስንነሣ ሴቶቹ ለምን ተቀመጡ? ያለ አንዳች ልዩነት አይደለም እንዴ የሚለው?» አሉ። ማመልከቻዬን በቃላቸው ይዘዋታል። ጥሩ የተጻፈ ነገር እንዲህ ነው፤ ማንም ይይዘዋል።

ነገሩ የመጣው በገበያ ቀን ጠዋት ነው። እኔ በረንዳው ላይ ሆኜ ለአንድ ገበሬ የድንበር ክርክር እጽፋለሁ። ከደንብ አስከባሪዎቹ አንዱ፣ እህቴ ሽንኩርት የምታበላው እሱ ራሱ፣ ወደ እሷ ሲሄድ አየሁ። ጎንበስ ብሎ አነጋገራት። ራሷን ነቀነቀች። የጆንያዋን ጫፍ ያዘ። ያን ጊዜ ድምፅዋ መጣ።

«በሕግ አምላክ!»

ልጁ ቆመ። ይህን ልመስክርለት፤ እጁን ከጆንያው አነሣ። ወላጆቹ ያሳደጉት ልጅ ነው።

«እማማ፣ እኔስ ምን ላድርግ» አለ። «ሕጉን እኮ የያዝሁት እኔ ነኝ። ታዝዤ ነው።»

«እንግዲያው ዳኛ እንያዝ።»

«ማንን?»

እህቴ ወደ በረንዳው ዞረች። ፊቷ ላይ ስጋት አልነበረም፤ ይልቁንም እንደ መሳቅ ብላለች። «ያን ሽማግሌ» አለች።

ልጁም ሳቀ። «እሳቸውማ ራሳቸው የጻፉት ነው። ይሁን፣ እሳቸው ይፍረዱ።»

ገበያተኛው ተሰበሰበ። ባጃጆቹ ሞተራቸውን አጠፉ። ከበረንዳው ወርጄ በሁለቱ መካከል ቆምሁ፤ ስንት ጊዜ የቆምሁበት ቦታ። እህቴ ጆንያዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ ታየኛለች። ልጁ ቆቡን አውልቆ ይዟል።

«ተናገሩ» አልሁ።

«አባቴ» አለ ልጁ፣ «አንቱ የጻፉት ማናቸውም ተቀማጭ ያለ አንዳች ልዩነት ይነሣ ይላል። እኔ ከዚህ ሌላ አላውቅም።»

«አንቺስ?»

«እኔ ካርታ አልጫወትም» አለች። «እዚህ ስቀመጥ ዛፉ እንዲህ አልወፈረም ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።»

ከባጃጅ ነጂዎቹ አንዱ ከኋላ «እስቲ ለእህታቸው ሲፈርዱ እንያቸው!» አለ። ሰው አጉረመረመ። መምህርቷም በዚያ በኩል ስታልፍ ቆማለች፤ ዓይኗን አየሁት።

ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። ነገሩ ይደር፣ ጊዜ ስጡኝ ማለት እችል ነበር። «ተቀማጭ ያልሁት ቁማርተኛውን ነው፤ የጻፍሁት እኔ ነኝና የማውቀው እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር፤ እውነቱም ይኸው ነበር። እዚያ ከቆመው ሰው ይህን ማለት የሚችል ከእኔ በቀር አልነበረም። እኔ ግን የሰማሁት ያንን ከኋላ የመጣውን ድምፅ ብቻ ነው። የማላዳላ ሰው መሆኔን የሚጠራጠር ሰው በአደባባዬ ላይ ቆሞ መስማት አልቻልሁም።

«ጽሑፉ ያለ አንዳች ልዩነት ይላል» አልሁ። «የተጻፈው የተጻፈ ነው። ትነሣ።»

ማንም አላጨበጨበም። ልጁ መሬት መሬት አየ፤ እኔ ተቃራኒውን እንድፈርድለት ይለምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እህቴ ሽንኩርቷን ከየመደቡ እየሰበሰበች ወደ ቁናው መለሰች። ኮረሪማውን በጨርቅ ቋጠረች። ልጁ ሊያግዛት ጎንበስ ሲል «ተው ልጄ፣ ልብስህ ይቆሽሻል» አለችው። ጆንያዋን አራግፋ አጠፈች። ከሥሩ ያለው መሬት እንደ ተለቀለቀ መደብ የለሰለሰ፣ የእሷን ቅርጽ የያዘ ነበር።

በአጠገቤ ስታልፍ ቆመች።

«ያኔ ስታነበውም ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «ጥሩ አድርገህ ነው የጻፍኸው።»

እየቀለደች ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ። አልቀለደችም።

ለሴቶቹ የተሰጣቸው ምትክ ቦታ ከወንዙ አጠገብ፣ ከቄራው በታች ነው። እህቴ ሁለት ገበያ ወረደች። እዚያ ሰው አይደርስም፤ የሚደርሰው ውሻ ነው። በሦስተኛው ቤቷ ዋለች። ክረምቱ ሲገባ ሐሙሲት ከተማ ተድራ ያለችው ልጇ መጥታ ወሰደቻት። ሲሄዱ አልነገሩኝም። ከግንዱ ማዶ የሚጠራኝ ድምፅ የለምና፣ መሄዷን በረንዳዬ ላይ ሆኜ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ጻፍሁ። ከዚያ በፊት ለሌላ ሰው እንጂ ለራሴ ለምኜ አላውቅም። እህቴ ወደ ቦታዋ እንድትመለስ ለምክር ቤቱ አራት ጊዜ ጻፍሁ፤ ጌጥ የሌለው፣ ሁለት እግር ብቻ ያለው ጽሑፍ። መስቀል ካለፈ በኋላ መልሱ በማኅተም መጣ። እህቴ «በልዩ ሁኔታ» በቀድሞ ቦታዋ እንድትቀመጥ ተፈቅዷል ይላል። ወረቀቱን በደረት ኪሴ ይዤ ደብረ ታቦር ወጣሁ፤ ወረታ ላይ መኪና ቀይሬ በገበያ ቀን ሐሙሲት ደረስሁ።

ፀሐዩ የእኛ አገር ፀሐይ አይደለም፤ ያቃጥላል። ገበያውን ዞርሁ። ከቲማቲም ሻጮቹ ወዲያ፣ አህዮች ከሚታሰሩበት አጠገብ፣ አዲስ መጪ ከሚሰጠው ቦታ ላይ አገኘኋት። ዛፍ የለም። ነጠላዋን በራሷ ላይ ጥላ አድርጋዋለች። ያንኑ ጆንያ ዘርግታለች፤ ሽንኩርቱ ጥቂት ነው። ከሳለች። አንገቷ ላይ ያለው ማተብ ሰፍቷል።

«ጸሐፊው!» አለች፤ እንደ ድሮው። «ስንት ሰው ከሰስህ?»

ከጆንያዋ ጫፍ ላይ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ከግንድ ወዲህና ወዲያ የኖርን ሰዎች፣ በአንድ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ስንት ዘመን እንደሆነ አላውቅም። ወረቀቱን አወጣሁ።

«አንብበው» አለች።

አነበብሁት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«'በልዩ ሁኔታ' ምን ማለት ነው?»

«ለአንቺ ብቻ ማለት ነው።»

«ሦስቱስ ሴቶች?»

ወረቀቱን ዳግመኛ አየሁት፤ የእነሱ ስም የለበትም።

«አይሆንም» አለች። ቁጣ አልነበረባትም። «ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ ፈርደሃል። ዳኛ ያደረግሁህ እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝ። አሁን ተመልሼ ብቀመጥ፣ ያ ከኋላ የጮኸው ልጅ 'ይኸው አላልሁም' ይላል። ስምህ ይበላሻል። አንተ የፈረድኸውን እኔ አላፈርስም።»

«ስሜ ይበላሽ እትዬ። ተሳስቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «መሳሳትህን ከዚያው ላይ አውቄዋለሁ። ቢሆንም ፍርድ ነው።»

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ በጣቶቿ መካከል አሸት አሸት አደረገችው፤ ድሮ የመጠቅለያ ወረቀት ስትገዛ እንደምትሞክረው። «ጠንካራ ወረቀት ነው» አለች። «ድሮ ቢሆን ስንት ጥቅልል ይወጣው ነበር። አሁን ሁሉም ፌስታል ነው የሚለኝ።» መልሳ ሰጠችኝ።

ያን ጊዜ አንዲት ገዢ መጣች። ጥቁር አዝሙድ በሲኒ አስለክታ ስትጨርስ «ምርቃትሽስ?» አለች፤ ሻጭ ለገዢ ከልኩ በላይ የሚጨምረውን ማለቷ ነው። እህቴ በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ጨመረችላት።

ያቺን ቁንጥር ሳይ፣ ለማንም ነግሬ የማላውቀው ነገር መጣብኝ። ፊደልን ከመጠቅለያ ወረቀት ላይ ተማርሁ ስል እውነት ነው። ግን ወረቀት አይናገርም። ልጅ ሳለሁ እህቴ አሮጌ ጋዜጣና የተቀደደ መጽሐፍ በኪሎ ትገዛ ነበር፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ለመጠቅለያ በአራት በአራት እቀድዳለሁ። ማንበብ የሚችል ገዢ ሲመጣ እህቴ ወረቀቱን ታሳየውና «ለዚህ ልጅ አንድ ፊደል ንገረው፤ ምርቃት እጨምርልሃለሁ» ትላለች። ገዢው ጎንበስ ይላል፤ «ይህች ለ ናት» ይለኛል፤ እሷ በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ትጨምርለታለች። ከሀ እስከ ፐ እንዲህ ነው የገባኝ። እያንዳንዷ ፊደል በአንድ ቁንጥር ጥቁር አዝሙድ ተገዝታልኛለች። እሷ ራሷ አንዷንም አልያዘችም፤ ሥራ ላይ ነበረች።

ራሴን በራሴ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። አሁንም እንዲህ እላለሁ፤ አፌ ለምዶታል።

ዛሬም ስለ ደንብ አስከባሪ የሚጠይቁኝ አሉ። የሌላ ከተማ ሰዎች ሳይቀሩ እንድጽፍላቸው ይመጣሉ። ይቀጠር እላቸዋለሁ፤ የዚያች ልጅ እግር ምስክሬ ነው። ነገር ግን የሚቀጠረው ከዚያው አደባባይ ይሁን፤ ማን የት እንደሚቀመጥና ለምን እንደሚቀመጥ ወረቀት ሳያይ የሚያውቅ ይሁን። መምህርቷ ያለችውም ይጻፍበት እላለሁ፤ የሚነሣው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ከመነሣቱ በፊት ይጻፍ። እንዲህ አድርጌ እጽፍላቸዋለሁ። ከእኔ የተሻለ የሚጽፍላቸውም የለም። «ያለ አንዳች ልዩነት» የምትለዋን ግን ከብዕሬ አውጥቻታለሁ።

ያን ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለመሄድ ተነሣሁ። እህቴ ለሚስቴ ብላ ጥቁር አዝሙድ በፌስታል ለክታ ቋጠረችልኝ። ከሰጠችኝ በኋላ መልሳ ወሰደችው፤ ቋጠሮውን ፈታችና በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ጨመረችበት።

«ምርቃት ነው» አለች።

ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልሁ። ያን ሁሉ ዘመን የጻፍሁ ሰው፣ ለዚያች ቁንጥር የምነግራት አንዲት ፊደል አጣሁ።